ፕለጊኑ ፊቱን ሲደብቅ፦ ሪፐርን በክፉ ቀን መመዘን

የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚገመግሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ሶፍትዌሩ ደኅና በሆነበት ቀን ምን እንደሚሠራ ነው፤ ስንት ትራክ እንደሚችል፣ ምን ምን ድምፆች አብረውት እንደሚመጡ፣ መልኩ ዓይን እንደሚስብ ወይም እንደማይስብ። እኔ ሪፐርን ልመዝነው የፈለግሁት በሌላ ሚዛን ነው። የከፈትነው ፕለጊን (ድምፅ ለመፍጠር ወይም ለማስተካከል በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም) መስኮቱ እንደ ነጭ ወረቀት ባዶ ሆኖ ሲቀር፣ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲያፈጥብን፣ ወይም ግማሹ ተቆርጦ ማዞሪያዎቹ ከዕይታ ውጭ ሲሆኑ፣ ወይም በማውዝ አንዱን ስንነካ ሌላው ሲንቀሳቀስ፣ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ ለሚሠራበት ሰው ምን ያህል መውጫ ይሰጠዋል? አራት ዓመት ያህል በየቀኑ ከሠራሁበት በኋላ ያለኝ መልስ፣ ሪፐር በዚህ በኩል እስካሁን ከሞከርኳቸው የሚበዙትን ይበልጣል፤ መውጫዎቹን ፈልጎ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል የሚል ነው።

ለማያውቁት ያህል፣ ሪፐር ኮኮስ የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ ሥራ ነው። ከጀርባው ያለው ጀስቲን ፍራንክል ደግሞ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ሙዚቃ ማዳመጥ የጀመርንበትን ዊንአምፕን የሠራው ሰው ነው። የመጀመሪያው የሪፐር እትም እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ሰባተኛው በ2023። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ እኔ የምጠቀመው በዊንዶውስ ስለሆነ አብዛኛው የምለው ከዚያ አንጻር ነው።

ሚዛኑን ያስያዘኝ አንድ ምሽት ነው። ላፕቶፔ ከጥገና በተመለሰ በሁለተኛው ቀን፣ በክራር የታጀበ የትዝታ ዜማ ሚክስ እያጠናቀቅን ነበር። ክሊፑን የሚያቀናብረው ልጅ ድምፁን ለማግኘት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ እንደሚቆም ነግሮናል። ክራሩ ላይ በ400 ኸርዝ አካባቢ የሚያጉረመርም ድምፅ ስለነበረ ለማቃናት ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ የሚያጎላና የሚቀንስ ፕለጊን) ከፈትኩ፤ ለዓመታት የሠራሁበት፣ መልኩን ከእጄ መዳፍ ይልቅ የማውቀው ፕለጊን ነው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ነጭ ነው። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ነጭ። ሌላ ትራክ ላይ ሞከርኩት፤ ያው ነጭ። አጠገቤ የተቀመጠው ረዳቴ ወዲያው፣

«ጋሼ፣ አጥፍተን እንደገና እንጫነው?» አለ።

«ቆይ እስቲ» አልኩት፤ «መጀመሪያ ክራሩን አጫውተውና ድምፁን እንስማ።»

ክራሩ ሲጫወት ቀደም ባለው ሳምንት የሰጠሁት ቅርጽ እንዳለ ነበር። ኢኪው ሥራውን አላቆመም፤ የጠፋው ፊቱ ብቻ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ፕለጊን አንድ ፋይል ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ሠራተኞች አሉ ማለት ይቻላል። አንዱ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ እየተቀበለ አስልቶ የሚመልስ ነው፤ ሌላው መስኮቱን የሚስልና የማውዙን እንቅስቃሴ የሚከታተል ነው። የሚሠሩት በተለያየ የሥራ መስመር ስለሆነ፣ ሠዓሊው ሲወድቅ አስሊው ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይቀጥላል። መስኮቱ ነጭ ወይም ጥቁር ሲሆን መጀመሪያ ጆሮን መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። ድምፁ ካለ የሠሩት ሥራ ደኅና ነው፤ ችግሩ በስክሪኑ፣ በግራፊክስ ካርዱ ወይም በመስኮቱ መጠን አካባቢ ነው። ድምፁም አብሮ ከጠፋ ወይም ሶፍትዌሩ በሙሉ ከደረቀ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ስለ ፈቃድ ፋይል፣ ስለ ጎደለ የድምፅ ፎልደር፣ ስለ ተበላሸ ፕለጊን ማሰብ ይገባል። በድንጋጤ ፕለጊኑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብዙ ጊዜ ምንም አይፈይድም፤ አንዳንዴም በራስ እጅ የተቀመጡ ፕሪሴቶችን (ዝግጁ ማስተካከያዎችን) ይዞ ይሄዳል።

በዚያች ምሽት ያዳነችን የሪፐር ክፍል በጣም ትንሽ ናት። በሪፐር ውስጥ የማንኛውም ፕለጊን መስኮት ከላይ በቀኝ በኩል «ዩአይ» የሚል ቁልፍ አለበት። ሲጫን የፕለጊኑ ሠሪ የሳለው ገጽታ በሙሉ ይነሣና በምትኩ ሪፐር ራሱ የሚስለው ተራ ዝርዝር ይመጣል፤ በእያንዳንዱ መስመር የመቆጣጠሪያው ስም፣ ተንሸራታች መስመርና ቁጥሩ ይታያሉ። ያ ኢኪው ስምንት ባንድ፣ ማለትም ለየብቻ የሚስተካከል የድምፅ ክፍል፣ አለው፤ ለእያንዳንዱ ባንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ጌይን፣ ስፋት፣ ዓይነትና ማብሪያ ሲቆጠር አርባ መስመር ገደማ ይሆናል። ውበት የለውም፤ የሒሳብ ክፍል ቅጽ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ሦስተኛውን ባንድ ፈልጌ ፍሪኩዌንሲውን 380 ላይ፣ ጌይኑን ከዜሮ ወደ ሦስት ዴሲቤል ቅነሳ ሳወርደው ክራሩ ማጉረምረሙን ተወ። ረዳቴ «ሳያዩ ነው እንዴ የሚሠሩት?» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር፣ የድምፅ ሞገዱን የሚያሳየው ያ ውብ ሥዕል ከፊቴ በመነሣቱ ይበልጥ በጆሮዬ ሠራሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ሚክሱ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አለቀ።

በማግሥቱ ምክንያቱን ፍለጋ ገባሁ። ሪፐር ላይ ሁለተኛው ጥሩ ነገር የሚታየው እዚህ ጋ ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ያስችላል። የፕለጊኖች ዝርዝር በሚታይበት መስኮት ውስጥ የአንዱን ፕለጊን ስም በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ «ራን አዝ» የሚል ምርጫ ይመጣል። ፕለጊኑ በሪፐር ሆድ ውስጥ ይሥራ፣ ወይስ «ሰፐሬት ፕሮሰስ» ተብሎ ተመሳሳይ ምርጫ ካላቸው ፕለጊኖች ጋር በሌላ ቤት ይሥራ፣ ወይስ «ዴዲኬትድ ፕሮሰስ» ተብሎ ለብቻው ቤት ይሰጠው ብሎ መወሰን ይቻላል። ኢኪውን ለብቻው አስቀመጥኩት። ነጭነቱ አልተለወጠም። ስለዚህ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ከታጨቁት ሌሎች ፕለጊኖች ጋር ተጣልቶ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ኢኪውን ከሠራው ኩባንያ የሆነ፣ ያለ ሪፐር ለብቻው የሚከፈት አንድ የሲንተሳይዘር ፕሮግራም አስነሣሁ፤ እርሱም ነጭ። እዚህ ላይ ሪፐር ነፃ ወጣ። አብሮ የሚመጣው የሪፐር ኢኪው ግን በሚገባ ይታያል፤ ይህም አንድ ነገር ይጠቁማል፤ የእርሱ ሥዕል ቀላል ስለሆነ ከግራፊክስ ካርዱ ብዙ የሚፈልገው ነገር የለም።

በዚህን ጊዜ ከጥገናው ማግሥት ጀምሮ ሁለተኛው ሞኒተሬ አልበራ ብሎ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ኬብሉ ነው ብዬ አዲስ ለመግዛት አስቤ ነበር። ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቼ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ስዘረጋው፣ የግራፊክስ ካርዴ ስም በሚገኝበት ቦታ «ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ስም ተቀምጦ አገኘሁ። ነገሩ ፍንትው አለ። ላፕቶፑን የጠገኑት ሰዎች ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጭነው፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ሳይጭኑ ነው የመለሱልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ እንጂ፣ ይህን መጀመሪያ ባየሁት ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ አላባክንም ነበር።

ነጭ መስኮትና ይህ ድራይቨር ምን አገናኛቸው ለሚል ሰው ማብራሪያው እንዲህ ነው። በርካታ ዘመናዊ ፕለጊኖች የሚንቀሳቀሱ ሞገዶቻቸውንና መርፌዎቻቸውን የሚስሉት በኦፕንጂኤል (ፕሮግራሞች ለግራፊክስ ካርድ የሥዕል ትእዛዝ የሚሰጡበት የጋራ ቋንቋ) ወይም በመሰል መንገድ የግራፊክስ ካርዱን እያዘዙ ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ ዊንዶውስ በራሱ የሚያቀርበው ኦፕንጂኤል እትም 1.1 ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የ1990ዎቹ ቅሪት ነው። ፕለጊኑ እትም 2 ወይም 3 ጠይቆ ሲያጣ፣ በደንብ የተጻፈ ከሆነ ወደ ቀላሉ ሥዕል ይመለሳል፤ በደንብ ያልተጻፈ ከሆነ ባዶ መስኮት ዘርግቶ ዝም ይላል። የስሕተት መልእክት የለም፤ ቀይ ምልክት የለም። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ ሠሪ ድረ ገጽ አውርጄ ጭኜ ኮምፒውተሩን ሳስነሣው ኢኪው ፊቱን መለሰ፤ ሞኒተሩም በራ። ኬብሉ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ድራይቨሩ ሁሉ በቦታው ሆኖም ይህ ዓይነት ችግር ሊከሰት ይችላል። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ»፣ ከዚያ «ግራፊክስ» ብለው ሲገቡ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የትኛው ካርድ እንዲያገለግለው መወሰን ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በሪፐር ውስጥ ፕለጊኑን ለብቻው እንዲሠራ ካዘዙት፣ መስኮቱን የሚስለው ሪፐር ሳይሆን «ሪፐር ሆስት 64» የሚባለው ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ምርጫው ለሪፐር ብቻ ሳይሆን ለዚህ ረዳትም መሰጠት አለበት፤ አለዚያ «ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም» እያሉ መደነቅ ይመጣል።

ሞኒተሩ መብራቱ ደስታ ቢሆንም ሁለተኛውን በሽታ ይዞ መጣ። የላፕቶፔ ስክሪን ጽሑፍና ሥዕል የሚያሳይበት መጠን 150 በመቶ ተብሎ የተስተካከለ ነው፤ ውጫዊው ሞኒተር ግን 100 በመቶ ነው። አንድ የቆየ ኮምፕረሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ዝቅ እያደረገ የሚያመጣጥን ፕለጊን) ከሞኒተሩ ወደ ላፕቶፑ ስጎትተው የቀኝ ጎኑ ተቆረጠ፤ «አውትፑት» የሚለው ማዞሪያ ጭራሹን አይታይም። ይባስ ብሎ «ትሬሽሆልድ» የሚለውን ስነካ የሚዞረው ከጎኑ ያለው ነበር።

የዚህ ምክንያት ሒሳብ ነው። ዊንዶውስ 100 በመቶ የሚለው በኢንች 96 ነጥብ ሲሆን 150 በመቶ ማለት 144 ነው። ስፋቱ 1000 ነጥብ የሆነ ፕለጊን 150 በመቶ ስክሪን ላይ በእኩል መጠን እንዲታይ 1500 ነጥብ መያዝ አለበት። ይህን መጠን ማን ይወስን የሚለው ላይ ነው ጭቅጭቁ። ፕለጊኑ የሚኖረው በሪፐር ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ የሚጠይቀው ሪፐርን ነው፤ ሪፐር «እኔ መጠኔን አውቃለሁ» ካለ ዊንዶውስ እጁን ይሰበስባል። ፕለጊኑ ይህን ስምምነት ካልሰማ፣ 1500 ነጥብ ስሎ በ1000 ነጥብ ክፈፍ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሢሶው ይቆረጣል። በተቃራኒው ሥዕሉ ተለጥጦ የማውዙ ልኬት ሳይለጠጥ ሲቀር፣ እጃችን 900 ላይ ሲሆን ፕለጊኑ 600 ላይ ነው ብሎ ያምናል። ፕለጊኖች ከሶፍትዌሩ ጋር የሚግባቡበት ቪኤስቲ የሚባል ደንብ አለ፤ በቪኤስቲ3 አሠራር አስተናጋጁ ሶፍትዌር ለፕለጊኑ «በዚህ ስክሪን ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ሁን» ብሎ የሚነግርበት የታወቀ መንገድ አለ። በቪኤስቲ2 ግን ሁሉም የተስማማበት እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ የደንቡ ባለቤት ስታይንበርግም እ.ኤ.አ. በ2018 የቪኤስቲ2ን መሥሪያ ማቅረብ አቁሟል። የእኔ ኮምፕረሰር ቪኤስቲ2 ነበር። ያው ፕለጊን በቪኤስቲ3 ካለ መጀመሪያ እርሱን መሞከር ነው፤ የእኔው ግን ሠሪዎቹ ከተዉት ቆይተዋል።

ሪፐር ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ «ጄነራል» በሚለው ገጽ፣ «አድቫንስድ ዩአይ ሲስተም ትዊክስ» የሚል ቁልፍ ጀርባ ተደብቋል። እዚያ «ኃይ ዲፒአይ ሞድ» የሚለውን በመለወጥ ሪፐር ለዊንዶውስ ስለ መጠን የሚሰጠውን መልስ መቀየር ይቻላል፤ ለውጡ የሚሠራው ሪፐር ተዘግቶ ሲከፈት ነው። የስክሪኑን መጠን የማያውቅ መስሎ እንዲቀርብ ሳደርገው ዊንዶውስ ሁሉንም ነገር በራሱ ለጠጠው፤ ኮምፕረሰሩ ሙሉ ሆኖ ታየ፣ ማውዙም ቦታውን አገኘ፤ ነገር ግን የሪፐር ጽሑፎች በሙሉ በላብ እንደራሰ ጋዜጣ ደበዘዙ። ለአንድ አሮጌ ኮምፕረሰር ሲባል ቤቱን ሁሉ ማደብዘዝ አልወደድኩትም። ወደ ነበረበት መለስኩትና ሌላ መንገድ ያዝኩ፤ የፕለጊን መስኮቶችን በሙሉ ባለ 100 በመቶው ሞኒተር ላይ፣ የትራኮቹን ሰሌዳ ላፕቶፑ ላይ አደረግሁ። ሁለቱን ስክሪኖች በእኩል መጠን ማስተካከልም ያስኬዳል፤ በእኔ ዕድሜ ግን የላፕቶፑን ጽሑፍ በ100 በመቶ ማንበብ ቅጣት ነው።

ሪፐር ሳይነካ በዊንዶውስ በኩል የሚደረግም አለ። የሪፐርን ፋይል «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው «ኮምፓቲቢሊቲ» ውስጥ ሲገቡ፣ ልጠጣውን ፕሮግራሙ ራሱ ያድርገው ወይስ ሲስተሙ የሚል ምርጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የመጣው «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚባለው ምርጫ ለተራ ፕሮግራሞች ጥሩ ቢሆንም፣ በኦፕንጂኤል የሚስሉ ፕለጊኖች ላይ ብዙ ተስፋ አይጣልበትም። ከሁለቱ ቦታ በአንዱ ብቻ መለወጥ ይበጃል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ የነካካ ሰው የትኛው እንደረዳው ወይም እንደጎዳው ሳያውቅ ይውላል።

ሞኒተር ነቅሎ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ፕለጊኑ ይከፈታል፣ የትም አይታይም። የመጨረሻ ቦታውን ስለሚያስታውስ፣ አሁን በሌለው ስክሪን ላይ ቆሞ ነው። የዊንዶውስና የሺፍት ቁልፎችን ይዞ የቀስት ቁልፍ መጫን መስኮቱን ካለበት ይጎትተዋል። በሪፐር ከዚያም የቀለለ አለ፤ የትራኩን የፕለጊን ሰንሰለት ከፍቶ ስሙን ሲመርጡ ፕለጊኑ እዚያው ሰንሰለቱ መስኮት ውስጥ ይቀመጣል።

ፕለጊንን ለብቻው ቤት የመስጠቱን ነገር ለምርመራ ብቻ አላነሣሁትም። ያ ኮምፕረሰር አሁን በቋሚነት የሚሠራው በራሱ ቤት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መስኮቱ ደርቆ ፕሮግራሙ ቢወድቅ የሚወድቀው ረዳት ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮጀክቱ ይተርፋል። በ64 ቢት ሪፐር ውስጥ የ32 ቢት ፕለጊን በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ዋጋው ደግሞ ድምፁ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እየተሻገረ ስለሚመለስ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚጨምረው ሸክም ነው። አንድ ሁለት ፕለጊን ላይ አይታወቅም፤ አርባ ትራክ ያለው ፕሮጀክት ላይ ሁሉንም በየራሳቸው ቤት ያስቀመጠ ሰው ግን ድምፁ መንጠባጠብ ሲጀምር ሪፐርን መውቀስ የለበትም።

ፕለጊኑ ሲከፈት ሶፍትዌሩን ይዞ የሚወድቅ ከሆነ፣ ፕሮጀክት መክፈቻው መስኮት ላይ ሁሉም ፕለጊኖች ሳይነሡ እንዲከፈት የሚያደርግ ሳጥን አለ። በዚህ መልክ ከፍቶ፣ ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ ማስነሣትና በደለኛውን መያዝ ይቻላል። ያልተነሣው ፕለጊን የነበረውን ማስተካከያ አይረሳም። ይህችን ሳጥን ስንት ሰው ሳያያት «ፕሮጀክቴ ተበላሸ» ብሎ ከዜሮ እንደጀመረ ቤት ይቁጠረው።

ስለ ማክ ባጭሩ፦ አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ሞሃቪ ከተባለው የማክ ሲስተም እትም ጋር ኦፕንጂኤልን ጊዜው ያለፈበት ብሎ ፈርጆታል፤ ስለዚህ በዚያ የሚስሉ አሮጌ ፕለጊኖች ላይ የሥዕል ችግር ማየት አያስደንቅም። ከ2020 ጀምሮ በመጡት የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያላቸው ማኮች ላይ ደግሞ ለኢንቴል ብቻ የተጻፈ ፕለጊን በቀጥታ አይገባም፤ ሪፐር ግን በዚሁ በረዳት ፕሮግራሙ በኩል በሮዜታ (ለኢንቴል የተጻፈውን በሚተረጉመው የአፕል ፕሮግራም) አሳልፎ ያሠራዋል። ሌሎች ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩን በሙሉ በሮዜታ እንዲያስነሡ የሚገደዱበትን ነገር ሪፐር ለአንድ ፕለጊን ብቻ ያደርገዋል።

ከሌሎቹ ጋር ላነጻጽር። አብለተን ላይቭ በዊንዶውስ ላይ የፕለጊን መስኮትን መጠን በራሱ የማስተካከል ምርጫን ፕለጊኑ ራስጌ ላይ በቀኝ ቁልፍ እንዲገኝ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ይህ ከሪፐር ድብቅ ገጽ ይልቅ ለሰው የታሰበ ነው፤ ለአንዱ አጥፍቶ ለሌላው መተውም ይቻላል። በአገራችን አቀናባሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ኤፍኤል ስቱዲዮም በየፕለጊኑ ማቀፊያ ውስጥ የራሱ ማስተካከያዎች አሉት። ሪፐርን በመለያየቱ በኩል በእውነት የሚገዳደረው ቢትዊግ ነው፤ ፕለጊኖችን በአንድ ላይ፣ በየሠሪ ኩባንያቸው ወይም አንድ በአንድ ለይቶ ማስቀመጥ የንድፉ መሠረት ስለሆነ፣ ምርጫው በግልጽ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዋጋው ግን ከሪፐር ጋር የሚቀራረብ አይደለም።

ሪፐር ላይ የምነቅፈው ከዚሁ ይጀምራል። መፍትሔዎቹ አሉ፤ ያሉበትን ቦታ ለማግኘት ግን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የስክሪን መጠን ማስተካከያ «ትዊክስ» በሚል ስም ሥር ይገኛል ብሎ ማን ይገምታል? የቅንብር ገጾቹ በትንንሽ ጽሑፍና በአማራጭ ሳጥን የተጨናነቁ ናቸው፤ መፈለጊያ ሳጥን ከታች ባይኖር ኖሮ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይመለስ ነበር። አብረውት የሚመጡት ፕለጊኖች ጠንካራ ሠራተኞች ቢሆኑም መልካቸው ደረቅ ነው፤ የከበሮና የኪቦርድ ድምፅ አብሮ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ጀማሪም ባዶ እጁን ይቀራል። ለልጅ መጀመሪያ ይህን ስጡ አልልም።

ዋጋው ለግል ተጠቃሚና ዓመታዊ ገቢው ከ20,000 ዶላር ለማያልፍ የንግድ ተጠቃሚ 60 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ 225። በሁለቱ ፈቃዶች መካከል በሶፍትዌሩ ላይ ልዩነት የለም። ከመግዛት በፊት ምንም ነገር ሳይቆለፍ ለ60 ቀን መሞከር ይቻላል፤ በአሁኑ ጊዜ የሚገዛው ፈቃድም እስከ እትም 8.99 ድረስ ያገለግላል። አዲስ አበባ ላለነው ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስቸግረው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው፤ የእኔን ፈቃድ የከፈለልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ፋይሉን በኢሜይል ተቀብዬ በሁለት ደቂቃ አስገባሁት።

በ60ው የሙከራ ቀን ውስጥ ሪፐርን ለመፈተን ለሚያስብ ሰው የማቀርበው ሐሳብ፣ ከምርጥ ፕለጊኖቹ ይልቅ በጣም ያረጀውንና በጣም የሚያስቸግረውን ይዞ እንዲጀምር ነው። እርሱን በራሱ ቤት ያስነሣው፣ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ይጎትተው፣ የዩአይን ቁልፍ ይጫን፣ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ያለ ፕለጊን ይክፈተው። የእኔ ረዳት ያንኑ አድርጎ ከአንድ ሳምንት በኋላ በላፕቶፑ ላይ ሪፐርን ጫነ። ነጩ መስኮት ድጋሚ ባይመጣም፣ ክራር ሲያስተካክል ግን እስከ ዛሬ ኢኪውን የሚከፍተው በዚያ ቅጽ በሚመስል ዝርዝር ነው፤ «ሥዕሉን ሳየው ጆሮዬ ይሰንፋል» ይላል።